ነጭ ባሕር ዛፍ፦ ከቅጠሉ እስከ ጉቶው

 

የዛሬው ርእሳችን ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው እንግዳ አይደለም። ቤት ሲሠራ ቋሚው፣ ማገሩና ወራጁ እሱ ነው። እንጀራ ሲጋገር ምጣድ ሥር የሚነደው ቅጠል የእሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ ዙሪያውን የሚታሰረው የእንጨት መወጣጫም ለረጅም ዘመን ከእሱ አጠና ሲሠራ ኖሯል። አዎ፣ የምንነጋገረው ስለ ነጭ ባሕር ዛፍ ነው።

ስለዚህ ዛፍ አስተያየት የሌለው ገበሬ ማግኘት ይቸግራል። አንዱ ቤቴን ያቆመልኝ፣ ልጆቼን ያስተማረልኝ እሱ ነው ይላል። ሌላው ምንጭ አደረቀብኝ፣ ከድንበሬ ወዲህ ያለውን ጤፍ አቀጨጨብኝ ብሎ ያማርራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኛ ዛሬ የማንንም ወገን አንይዝም፤ ዛፉን ራሱን ቀርበን እናየዋለን። ምክንያቱም የሚመሰገንበትም የሚወቀስበትም ነገር አካሉ ላይ ይገኛል። ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ፍሬውን፣ ቅርፊቱንና ጉቶውን ለይቶ ያወቀ ሰው፣ የት እንደሚተክለውና ከየት እንደሚያርቀው ሌላ ሰው እስኪነግረው አይጠብቅም።

በአቅራቢያችሁ ባሕር ዛፍ ካለ አንድ ነገር እናስቸግራችሁ። ካደገ ዛፍ አንድ ቅጠል፣ ከተቆረጠ ጉቶ ላይ ከበቀለ ቡቃያ ደግሞ አንድ ቀንበጥ ቀጥፋችሁ ያዙ። መሬት ላይ የወደቀ ፍሬ ካገኛችሁም አትለፉት። በዝግጅቱ ውስጥ ሁሉም ያስፈልጉናል።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ ስለ ትውልዱ። ባሕር ዛፍ የምንለው አንድ ዛፍ አይደለም። ዩካሊፕተስ በሚባለው ወገን ውስጥ ከ700 የማያንሱ ዝርያዎች አሉ፤ ከጥቂቶቹ በቀር የሁሉም አገር አውስትራሊያ ነው። የኛው ነጭ ባሕር ዛፍ ሳይንሳዊ ስሙ ዩካሊፕተስ ግሎቡለስ ይባላል። የትውልድ ቦታው ከአውስትራሊያ በስተደቡብ የምትገኘው የታዝማኒያ ደሴትና ከእሷ ፊት ለፊት ያለው የዋናው ምድር ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ነው። ታዝማኒያውያን የደሴታቸው የአበባ ምልክት አድርገው መርጠውታል።

ዛፉን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዣክ ላቢላርዲየር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1792 የጠፉ መርከቦችን ከሚፈልግ ጓድ ጋር ታዝማኒያ ደረሰ። እዚያም ሽቅብ ሲያዩት አንገት የሚያሳምም ዛፍ አገኘ። አበባው ያለው ጫፉ ላይ ስለነበር፣ እሱን ለማግኘት ዛፉን ማስቆረጥ ግድ ሆነበት። ላቢላርዲየር ያላጋነነ መሆኑን የዛሬው ልኬት ያረጋግጣል፤ በታዝማኒያ ጥብቅ ደኖች ውስጥ ወደ 90 ሜትር የሚጠጋ ነጭ ባሕር ዛፍ አለ። በኛ አገር 40 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚደርስበት ቦታ ቢኖርም፣ አብዛኛው ግን ለአጠናና ለማገዶ ስለሚፈለግ ገና በወጣትነቱ ይቆረጣል።

ቤተሰቡ ሚርታሴ ይባላል። ስሙ ባዕድ ይምሰል እንጂ ዘመዶቹን ታውቋቸዋላችሁ። ቅቤ የሚነጠርበትና ጸጉር የሚቀባበት መዓዛማው አደስ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። በየወንዙ ዳር የሚበቅለውና ልጆች ፍሬውን ለቅመው የሚበሉት ዶቅማም፣ ዘይቱንም፣ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድም እንዲሁ። ከእነዚህ የአንዱን ቅጠል አሽታችሁ ብታሸቱ ዘመድነታቸውን አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። የቤተሰቡ መለያ ቅጠል ውስጥ የሚገኙት የዘይት ከረጢቶች ናቸው።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ማን እንዳመጣው ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ ብዙዎቹ ግን የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረውን ፈረንሳዊውን ሞንዶን ቪዳዬን ይጠቅሳሉ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ። ማገዶ ካለቀ መናገሻ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር ነበርና፣ ምኒልክ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ እስከ ማስጀመር ደረሱ። ከተሞከሩት ልዩ ልዩ ዝርያዎች መካከል ለደጋው ተስማምቶ የተገኘው ነጭ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶ ሲደርስ ግን፣ መናገሻውን ማዛወሩ ቀረ። አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የያዛችሁትን አውጡ። መጀመሪያ ከጉቶው የቀጠፋችሁትን ቀንበጥ እዩ። ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ አንከባልሉት። አይንከባለልም፤ ምክንያቱም ክብ አይደለም፣ አራት ማዕዘን ነው። በየማዕዘኑም ቀጭን ጠርዝ ወጥቶበታል። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንገት የላቸውም፤ ግንዱን አቅፈው ከእሱው ላይ ተጣብቀዋል። ቅርጻቸው ሰፋ ያለ፣ ወደ ልብ ቅርጽ የሚያደላ ነው። ቀለማቸው ሰማያዊ የተቀላቀለበት አመድማ ነጭ ነው። በአውራ ጣታችሁ ብታሹት ነጩ ይለቅና አረንጓዴው ከሥሩ ይታያል። ያ ነጭ ነገር ሰም ነው። ቅጠሉ ላይ ውኃ ብታንጠባጥቡ ሳያርሰው ተንከባሎ ይወርዳል።

አሁን ደግሞ ካደገው ዛፍ የወሰዳችሁትን ቅጠል አጠገቡ አድርጉት። የአንድ ዛፍ ልጆች ናቸው ብሎ ማን ያምናል? ይኼኛው ረጅምና ጠባብ፣ እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ሊበልጥ ይችላል። አንገት አለው። ቅርንጫፉ ላይ ጥንድ ሆኖ ሳይሆን ተራ በተራ፣ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሰሙ የለም፤ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ ነው።

የዕፅዋት ባለሙያዎች የመጀመሪያውን የልጅነት ቅጠል፣ ሁለተኛውን የጉልምስና ቅጠል ይሏቸዋል። በብዙ ዕፅዋትም የልጅነትና የጉልምስና ቅጠል ይለያያል፤ እንደ ነጭ ባሕር ዛፍ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታይበት ግን ጥቂት ነው። ችግኙ ለአንድና ከዚያ በላይ ለሆኑ ዓመታት በሰማያዊው ቅጠል ይቆይና ወደ ላይ ሲመዘዝ የማጭድ ቅርጽ ወዳለው ይሸጋገራል። አንዳንዴ አንድ ዛፍ ላይ ከታች የልጅነት፣ ከላይ የጉልምስና ቅጠል አብረው ይታያሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለት የተለያዩ ዛፎች የተዳቀሉ ሊመስለው ይችላል።

የጉልምስናው ቅጠል አንድ ሌላ ጠባይ አለው። የአብዛኛው ዛፍ ቅጠል ፊቱን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ የላዩ ገጽ ጠቆር፣ የታቹ ነጣ ያለ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ተንጠልጥሎ ጠርዙን ወደ ፀሐይ ያዞራል። ስለዚህ ፊትና ጀርባ የለውም፤ ሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ነው፣ በሁለቱም በኩል ብርሃን ይቀበላል። ጥቅሙ የሚታየው እኩለ ቀን ላይ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ቅጠሉን በጠርዙ እንጂ በሙሉ ገጹ አታገኘውም፤ ስለዚህ ብዙ አይግልም፣ በትነትም የሚያጣው ውኃ ይቀንሳል። ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ ጥላው ሳሳ ያለባችሁም ለዚሁ ነው፤ በተንጠለጠሉት ቅጠሎች መካከል ብርሃኑ ሾልኮ ይወርዳል።

ቅጠሉን ሳትጥሉት ወደ ብርሃን አንሥታችሁ አሻግራችሁ እዩት። በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ቅድም ያነሣናቸው የዘይት ከረጢቶች እነሱ ናቸው። ከዘይቱ ውስጥ ትልቁን ድርሻ፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በእጅጉ የሚበልጠውን፣ የሚይዘው ሲኒዮል የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተን ስንታጠን አፍንጫ የሚከፍተው ይኸው ነው፤ በየመድኃኒት ቤቱ በሚሸጡ የሳል ከረሜላዎችና ቅባቶች ውስጥም ይገባል። እዚህ ላይ ወላጆች ልብ በሉ፦ የተጣራው ዘይት መርዛማ ነው፣ ጥቂት እንኳ መዋጥ ሕፃንን ለአደጋ ይዳርጋል። ጠርሙሱ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ስንታጠንም የፈላው ውኃ እንዳይደፋና እንዳያቃጥል ልጆችን ማራቅ ያስፈልጋል።

ዘይቱ ለዛፉ ምን ይሠራለታል? በላተኛን ያባርርለታል። ከብት፣ በግና ፍየል ሌላ ሣር እያለ ወደ ባሕር ዛፍ ዞር አይሉም። ልቅ ግጦሽ ባለበት አገር ያለ አጥር የሚያድግ ዛፍ ማለት ለገበሬው ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ማንም ይረዳዋል። የዋንዛና የወይራ ችግኝ ከአፈሩ ብቅ ከማለቱ ሲጋጥ፣ ባሕር ዛፍ በሜዳ ላይ ያለ ጠባቂ ያድጋል። ለመስፋፋቱ ከፍጥነቱ እኩል የሚጠቀሰው ምክንያት ይህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ አበባው እንለፍ። የነጭ ባሕር ዛፍ እንቡጥ በቅጠልና በቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ ብዙ ጊዜ ብቻውን ይቀመጣል። ሰም የለበሰ፣ ገጹ ኪንታሮት የወጣበት የሚመስል ሻካራ፣ ጎኑ አራት ሸንተረር ያለው ነው። አናቱ ላይ ክዳን አለው፤ ክዳኑ መሐል ላይ ጉብ ያለች ጫፍ ስላለችው ልክ ሞሰብ ከነክዳኑ ይመስላል። ያ ክዳን ሌላ አይደለም፣ አንድ ላይ ተጣብቀው ያደጉ የአበባው ቅጠሎች ናቸው። አበባው ሲደርስ ክዳኑ በዙሪያው ይላቀቅና ይወድቃል። ከውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ነጫጭ ክሮች ይዘረጋሉ። ስለዚህ የባሕር ዛፍ አበባ ነጭ ነው ስንል የምናየው የአበባ ቅጠል አይደለም፤ ብናኝ የሚሸከሙትን የወንዴ ክሮች ነው። ቅጠሎቹማ ከክዳኑ ጋር መሬት ላይ ወድቀዋል።

አበባው መሐል ላይ ጣፋጭ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ንብ አናቢዎች ይህን ያውቁታል፤ አበባ በሌለበት ወቅት ባሕር ዛፍ ያበበ እንደሆነ ቀፎው አይራብም። ንቡ ከቀሰመ በኋላ ብናኙን ወደ ሌላ ዛፍ ያደርሳል። አንዱ አበባ ላይ ብናኙ የሚለቀቀው የሴቴው ክፍል ለመቀበል ከመዘጋጀቱ ቀደም ብሎ ነው። ይህም ዛፉ ከራሱ ይልቅ ከሌላ ዛፍ ጋር እንዲዳቀል ይረዳዋል።

ይህ ጉዳይ ከመጽሐፍ አልፎ ችግኝ ጣቢያ ድረስ ይመለከተናል። ነጭ ባሕር ዛፍ ራሱን በራሱ ሲያዳቅል ከዘሩ የሚወጡት ችግኞች ቀጫጫና ዕድገታቸው አዝጋሚ ይሆናል። ስለዚህ ብቻውን ከቆመ አንድ ትልቅ ዛፍ ዘር ለቅሞ ማባዛት አያዋጣም። ግንዳቸው ቀጥ ያለ፣ ጤናማ የሆኑ፣ ተራርቀው የቆሙ ብዙ ዛፎችን መርጦ ዘራቸውን ማደባለቅ ይበጃል።

ፍሬውን ያዛችሁት? ጠንካራ እንጨት ነው። ስፋቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ አናቱ ላይ አራት ወይም አምስት ስንጥቆች አሉት። ሲደርቅ ስንጥቆቹ ይከፈቱና ጥቃቅን ዘር ይበተናል። መዳፋችሁ ላይ ብታራግፉት ሁለት ዓይነት ነገር ታያላችሁ። ጠቆር፣ ወፈር ያሉት እውነተኛ ዘሮች ናቸው። ቀላ ያሉትና ቀጫጭኖቹ ደግሞ ሳይዳቀሉ የቀሩ፣ የማይበቅሉ ገለባዎች ናቸው። ዘሩ በጣም ጥቃቅን ስለሆነ መደብ ላይ ሲዘራ አፈር በስሱ ብቻ ይለብሳል፤ ከተቀበረ ብርሃን ላይ ሳይደርስ ጉልበቱ ያልቅበታል። ክንፍ ስለሌለውም ከእናት ዛፉ ብዙ አይርቅም። የኢትዮጵያን ደጋ ያዳረሰው ነፋስ ወይም ወፍ ሳይሆን የገበሬው እጅ ነው።

ፍሬው ነጩን ከቀዩ ለመለየትም ይጠቅማል። ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው ዩካሊፕተስ ካማልዱሌንሲስ ይባላል፤ እንጨቱ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ሞቅ ወዳለው አካባቢ ወረድ ብሎ የሚበቅል ነው። የእሱ ፍሬ ከአተር ብዙ አይበልጥም፣ በዘለላ ሰባትም ከዚያ በላይም ሆኖ ይወጣል። መሬት ላይ ያገኛችሁት ፍሬ አውራ ጣት የሚያህል፣ ለየብቻው የወደቀና ሸንተረር ያለው ከሆነ ነጭ ነው። ትንንሽና በዘለላ የተንጠለጠለ ከሆነ ቀይ ነው። የልጅነት ቅጠሉም ይለያል፤ የቀዩ አንገት አለው፣ እንደ ነጩ ግንድ አያቅፍም። ብርቱ ብርድ ባለበት ደጋ ነጩ፣ ሞቃት በሆነው ወይና ደጋና ከዚያ በታች ቀዩ ይሻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ግንዱ ላይ የምናየው ቅርፊት በየዓመቱ ረጅም ረጅም ልጥ እየሆነ ይላጣል። ከሥሩ ለስላሳ፣ አመድማና ክሬም ቀለም ያለው አዲስ ቆዳ ይወጣል። ወደ ሥሩ ያለው ሻካራ ቅርፊት ብቻ ሳይላጥ ይቆያል። የወደቀው ልጥ ከደረቀው ቅጠል ጋር ተከማችቶ፣ ዘይቱም ታክሎበት፣ እሳት ካገኘው በቀላሉ ይቀጣጠላል። ነጭ ባሕር ዛፍ በሰፊው በተተከለባት በፖርቱጋል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰኔ 2017 ፔድሮጋው ግራንዴ በተባለው አካባቢ ጥድና ባሕር ዛፍ በሸፈነው ምድር ላይ የተነሣ ቃጠሎ ከ60 በላይ ሰዎችን ገድሏል። እኛ አገር ልጡም ቅጠሉም ለማገዶ ተጠርጎ ስለሚያልቅ ሥጋቱ ያነሰ ቢሆንም፣ ባሕር ዛፍ ቤት ላይ ተጠግቶ ባይተከል ይመረጣል።

የዛፉ ትልቁ ብልሃት ግን ያለው ከቅርፊቱ ሥር ነው። በግንዱ ዙሪያ፣ በተለይም ወደ ሥሩ፣ ተኝተው የሚቆዩ ብዙ የቡቃያ ነጥቦች አሉት። ዛፉ ቆሞ እያለ ከጫፉ የሚወርደው መልእክት እንዲተኙ ያደርጋቸዋል። ዛፉ ሲቆረጥ ያ መልእክት ይቋረጣል፤ ቡቃያዎቹ ይነቃሉ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጉቶው ዙሪያውን ቀንበጥ ያወጣል። ሥሩ እንዳለ ስለሆነ ውኃና ምግብ ለማግኘት እንደ አዲስ ችግኝ አይቸገርም፤ እናም በፍጥነት ይመዘዛል። አንድ ጊዜ የተተከለ ዛፍ ሦስትና አራት ጊዜ የሚቆረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቅድም ከጉቶው የቀጠፋችሁት ቀንበጥ ሰማያዊ የልጅነት ቅጠል የያዘውም ለዚህ ነው። ጉቶው 30 ዓመት ቢሆነውም አዲሱ ቡቃያ ሕይወትን ከልጅነት ይጀምራል።

ይህን ያወቀ ሰው አቆራረጡን ያስተካክላል። ቡቃያው የሚወጣው ከቅርፊቱ ሥር ስለሆነ ቅርፊቱ መቆሰል የለበትም። በደነዘ መጥረቢያ ተቀጥቅጦ የተላጠ ጉቶ ደካማ ቡቃያ ያወጣል ወይም ይደርቃል። መጋዝ ይሻላል። ጉቶው ወደ መሬት ዝቅ ብሎ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ዘንበል ተደርጎ ይቆረጥ። ቡቃያዎቹ ወጥተው ከጠነከሩ በኋላ ጤነኛና ቀጥ ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ትቶ ሌላውን መመልመል ነው። ሁሉንም የተወ ሰው ጭራሮ እንጂ አጠና አያገኝም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቅሬታው እንምጣ። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል የሚለው ወቀሳ አዲስ አይደለም። ዛፉ ከገባ ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913፣ ከተተከለው ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል የሚያዝ ዐዋጅ እንደወጣና ሳይፈጸም እንደቀረ በታሪክ ተጽፏል። በትግራይም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 በእርሻ መሬት ላይ እንዳይተከል የክልሉ መንግሥት ከልክሎ ነበር።

ሳይንሱ የሚለው እንዲህ ነው። ባሕር ዛፍ ለአንድ ኪሎ እንጨት የሚያወጣው ውኃ ከሌሎች ብዙ ዛፎች አይበልጥም፤ እንዲያውም ቆጣቢ ከሚባሉት ይመደባል። ችግሩ በዓመት የሚያመርተው እንጨት እጅግ ብዙ መሆኑ ነው። ብዙ ያመረተ ብዙ ይጠጣል። በዚያ ላይ ክረምት ከበጋ ቅጠሉን አያራግፍም፤ ውኃ እስካገኘ ድረስ ማደጉን አያቆምም። ሥሩም ወደ ጎን ርቆ ይሄዳል። እንግዲህ ምንጭ አናት ላይ ወይም ወንዝ ዳር ሲተከል ውኃው መቀነሱ አይቀሬ ነው። ማሳ ጠርዝ ላይ ሲተከልም ሥሩ ከሰብሉ ጋር ለውኃና ለምግብ ይሻማል፣ ጥላው ይጨመርበታል፣ ከቅጠሉ የሚወጡት ንጥረ ነገሮችም የሌላውን ዘር ብቅለት ያዳክማሉ። ለዚህ ነው ጤፉ ከዛፉ አጠገብ ቀጭጮ፣ ራቅ ሲል እያማረ የሚሄደው።

አፈሩ የሚጠረግበትም ምክንያት አለ፤ እዚህ ላይ ግን ጥፋቱ ሁሉ የዛፉ አይደለም። ዝናብ በረጃጅሞቹ ቅጠሎች ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ ትልልቅ ጠብታ ሆኖ ከከፍታ ይወርዳል። ከሥሩ የረገፈ ቅጠል ተነጥፎ ከጠበቀው ጠብታው ጉዳት ሳያደርስ ይሰርጋል። ቅጠሉ በየቀኑ ለምጣድ ተጠርጎ ምድሩ ባዶ ከሆነ ግን ጠብታው አፈሩን ይመታዋል፣ ጎርፍም ይወስደዋል። ለአፈሩ ሊመለስ የሚገባው ምግብም አመድ ሆኖ ቀርቷል። በተቃራኒው፣ የሀገራችን የደን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ከንክኪ ነጻ በሆነ ባሕር ዛፍ ሥር አገር በቀል ዛፎች ራሳቸው ይበቅላሉ፤ በሳሳው ጥላ ውስጥ የሚሾልከው ብርሃን ለእነሱ ይበቃል። በርግጥ እናቶችና እህቶች ቅጠሉን የሚጠርጉት ሌላ ማገዶ ስለሌላቸው ነው። ስለዚህ መፍትሔው ጠረጋውን መውቀስ ሳይሆን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መጠቀምና ቢያንስ ተዳፋት ላይ ያለውን ቅጠል መተው ነው።

እንግዲህ የት እንትከለው? ለእርሻ የማይሆን ድንጋያማ መሬት፣ የተጎዳ ኮረብታ፣ ከማሳና ከምንጭ የራቀ ቦታ ይስማማዋል። ምንጭ አናት ላይና ወንዝ ዳር ለዶቅማ፣ ለሾላና ለመሰል አገር በቀል ዛፎች ይተው። ከጎረቤት ማሳ ጋር የሚዋሰን ድንበር ላይ አይተከል፤ ዛፉ የአንዱ ሆኖ ጉዳቱ የሌላው ሲሆን ከሰብሉ በላይ የሚጎዳው ጉርብትናው ነው። ለአጠና ከሆነ ቀረብ ቀረብ ተደርጎ ይተከላል፤ ችግኞቹ ለብርሃን ሲሻሙ ቀጥ ብለው ይመዘዛሉ። ለጣውላ የታሰበ ከሆነ ግን መራራቅ ይፈልጋል፣ ዓመታትም ይጠይቃል፤ እንጨቱ ሲደርቅ የመሰንጠቅና የመጣመም ጠባይ ስላለው ወፍሮ እስኪበስል መታገሥ ይገባል።

ውድ አድማጮች፣ ከመለያየታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች እንተውላችሁ። ተማሪዎች በደብተራችሁ ጻፏቸው፤ መልሱን በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናገኛለን።

አንደኛ፦ የነጭ ባሕር ዛፍ የጉልምስና ቅጠል ሁለቱም ገጹ አንድ ዓይነት የሆነው ለምንድን ነው?

ሁለተኛ፦ በደነዘ መጥረቢያ የተቀጠቀጠ ጉቶ ለምን ደካማ ቡቃያ ያወጣል?

ሦስተኛው ከቤት ወጥታችሁ የምትመልሱት ነው። በአካባቢያችሁ ካለ ባሕር ዛፍ ማሳ ተነሥታችሁ ወደ ሰብሉ በርምጃ ሂዱ። ሰብሉ የቀጨጨበት ቦታ ስንት ርምጃ ላይ እንደሚያበቃ ቁጠሩና ከባለማሳው ጋር ተነጋገሩበት። የዚያ ቁጥር ትርጉም ቀላል ነው፤ በሚመጣው ክረምት የሚተከለው ችግኝ ቢያንስ ያን ያህል ርምጃ ከማሳው መራቅ አለበት።